በረመዳን የተበላ ምሳ

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለደም ግፊቴ ነበር። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ እየለካሽ መዝግቢ ብሎኝ፣ ሦስት ቀን መዘገብኩና ተውኩት። ዛሬ ሌላ የምጽፈው ነገር አገኘሁ።

በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚመረምረው ቅርንጫፋችን ኃላፊ ባለማዕረጉ ዳቶ ባሃሮም እኔንና ባልደረባዬን ታቫማኒን ጠርተው ወፍራም ፋይል ሰጡን። ጉናላን የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ሰው ጋር ተጣልቶ ፓሲር ላዳ ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ወጣ። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ሚስቱ ደበደቡብኝ ብላ አመለከተች፤ ፖሊስ ራሱን በራሱ መርምሮ "መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ነው" አለ። እንግዲህ የኛ ሥራ ፖሊስ አቤቱታውን በወጉ አይቶታል ወይ ብሎ መፈተሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁት። ለጡረታዬ አሥራ አራት ወር ቀርቶኛል።

የጣቢያው የእስረኞች ማረፊያ ክፍል ኃላፊ ሳጅን ታርሚዚ ነው። ባለቤቴ ዲን ጡረታ ሳይወጣ አለቃው ነበር። ለዳቶ ወዲያው ነገርኳቸው። "ከተማዋ የእጅ መዳፍ ታክላለች፣ ማን ማንን አያውቅም? አንቺ ወረቀቱን አደራጂ፣ ታቫማኒ ትፈርማለች" አሉኝ። ስለዚህ ተናግሬያለሁ። ደንቡ ተናገሩ ነው የሚለው፣ ተናገርኩ።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

የጉናላን ሚስት ማሊጋ መጣች። ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት። አካ ትለኛለች፣ ታላቅ እህት እንደማለት። በሳምንት ሦስት ቀን ባሏን ደሙን ወደሚያጥቡለት ክሊኒክ ታመላልሳለች፤ ከዚያው ነበር የመጣችው።

"አካ፣ ያ ክፍል ቁልፉን ዛሬም ያው ሳጅን ነው የሚይዘው?"

"ዛሬም።"

"ዛሬም ሰው አለ ውስጡ?"

"ሳይኖር አይቀርም።"

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበችና "ከባሌ በፊት ስለዚህ ሰውዬ የጮኸ የለም? አንድ ሰው እንኳን?" አለችኝ። እንፈልጋለን አልኳት።

ደንባችንን ማስረዳት ነበረብኝ። አንድ ሳጅን ላይ አንድ አቤቱታ ብቻ ካለ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎለት ሥራው ላይ ይቆያል። ሁለተኛ ካለ ግን በዚያው ቀን ከእስረኛ አጠገብ ይነሣል፣ ፋይሉም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ይህን ስነግራት ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ታዳምጠኝ ነበር።

ሁለተኛ አቤቱታ ያስፈልጋታል። ወይም ከባሏ የቀደመ ነውና የመጀመሪያ ልበለው።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

ታቫማኒ ፋይል ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ጉብ አለች፤ ወንበር እያለ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትቀመጠው። ካክ ትለኛለች፣ እሱም እንደ አካ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሳል ከሳልቢያ ያጠረ ስሜ ነው።

"ካክ ሳል፣ አገኘሁት! ከጉናላን በፊት ያመለከተ አለ።"

ሹክሪ ይባላል። ጎሚስታ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። በማርች ወር ሦስት ቀን ፓሲር ላዳ ታስሮ፣ ሳጅን ታርሚዚ ግራ ጆሮዬን በጥፊ መታኝ፣ ደም ፈሰሰኝ፣ ሐኪም ለምኜ ተከለከልኩ ብሎ ጽፏል። ፖሊስም መለሰ፦ ሐሰት ነው፣ የተረኛውን መዝገብ እዩት፣ ሰውዬው ምሳውን እየበላ ነበር። የኛ መሥሪያ ቤት መርማሪ ይህን ተቀብሎ ኤፕሪል 8 ዘጋው።

"እስቲ መዝገቡን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አለች።

"ማርች 14፣ ከቀኑ ስድስት ተኩል፣ ሩዝና ዶሮ፣ በጥሩ ፍላጎት በላ። ማርች 15፣ ስድስት ተኩል፣ ሩዝና ዶሮ፣ በጥሩ ፍላጎት በላ።"

"እሺ?"

"እሺ ምን?"

"ወይ ጉድ! እኔ ሂንዱዋ ልንገርሽ እንዴ? ማርች 14 እኮ ረመዳን ሦስተኛው ቀን ነው። ሹክሪ ደግሞ ሙስሊም ነው። የጣቢያው ካንቲን ረመዳንን ቀን ቀን ዝግ ነው፤ ለሙስሊም እስረኛ የሌሊት ሱሁርና የማታ ማፍጠሪያ ነው የሚገባለት። ይህ መዝገብ ከረመዳን በፊት ከነበረው ወር ተገልብጦ ቁጭ ያለ ነው! ምሳው ውሸት ከሆነ 'በየግማሽ ሰዓቱ ታየ፣ ደህና ነው' የሚለውም ውሸት ነው።"

መዝገቡን ልከድነው አልኩ። እሷ ግን መች ለቀቀችኝ፤ የመርማሪውን የመዝጊያ ማስታወሻ ገልጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ፦ "እስረኛው ምግቡን በፍላጎት መመገቡ በመዝገብ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ደረሰብኝ ያለው ጉዳት አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም።" ከሥሩ "መርማሪ ቁ. 04" ይላል።

"ይህ አራት ቁጥር የተባለ ሰው ወይ ተኝቶ ነው ያነበበው፣ ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" አለችና ከጠረጴዛዬ ወረደች።

እኛ መሥሪያ ቤት ስም አንጽፍም። ፖሊሶቹ በየመንገዱ እንዳያስቸግሩን ተብሎ በቁጥር ነው የምንፈርመው፤ ማን ስንት ቁጥር እንደሆነ የሚያውቁት ዳቶ ብቻ ናቸው። እርስ በርሳችን እንኳን አንጠያየቅም፣ ነውር ነው።

አራት ቁጥር እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ዝናብ። አውቶብሱ አምልጦኛል።

ኤፕሪል 8። ኢድ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ፋይል ነበረ። በረመዳን ቢሮው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ግማሹ ሰው አገሩ ለመግባት ሻንጣውን በር ላይ ደርድሮ ነበር።

እኔ ራሴ ፆመኛ ነበርኩ። ሆዴ እየጮኸ ስለ ሩዝና ዶሮ አነበብኩ፣ ማህተም መታሁ፣ ይህ ሰው በረመዳን ምን ሲል ምሳ በላ ብዬ አልጠየቅኩም። አስተግፊሩላህ።

የሳጅኑን ስም አላየሁም። ስሙ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ሲቸኩለኝ ከሁለተኛው ነው የምጀምረው።

ኦክቶበር 18፣ ዓርብ

ዲን ከጁምዓ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ሮቲ ቂጣ የሚሸጥበት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የድሮ ጓደኞቹ ቀልደውበታል። "ሚስትህ ፖሊስ ልታስር ነው አሉ፣ ማታ ማታ በካቴና ነው የምትተኛው?" ብለውት።

"ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ?" አለኝ። የምሳውን ዓሣ እየቆረሰ፣ "ታርሚዚ እኮ እናቴን መቃብር አብሮኝ ያወረደ ልጅ ነው፣ ሳል። ጭቃ ውስጥ ወርዶ።"

"አውቃለሁ።"

"ሦስት ሴት ልጆች አሉት።"

"ጉናላንም ልጆች አሉት" አልኩት። ዓሣውን ሳይጨርስ ተነሣ። ምግብ ትቶ የሚነሣ ሰው አይደለም።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

ሹክሪ ጋ ሄድን። ጎማ ቤቱ አውራ ጎዳናው ጠርዝ ላይ ነው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ታቫማኒ አዲስ የመክፈቻ ማመልከቻ አዘጋጅታለች። የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ አመልካቹ እንደገና ይጠይቃል፣ ወይ የዘጋው መርማሪ በገዛ ስሙ "ተሳስቻለሁ" ብሎ ይጽፋል። ሹክሪ ከፈረመ አራት ቁጥርን ማንም አይፈልጋትም።

እንዲህ አስቤ እንደሄድኩ አልደብቅም።

ልጁ ትሑት ነው። ማክቺክ እያለ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ለእኔ ወንበር ጠርጎ ሰጠኝ፣ በረዶ ያለው ውሃ አስመጣልኝ። ወረቀቱን ሲያይ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳቀ።

"አንዴ ጻፍኩ እኮ። አራት ገጽ። እጄ እስኪዝል።"

"አሁን ሌላ ሰው ነው የሚያየው" አለች ታቫማኒ።

"የበፊቱስ ማን ነበር? ደብዳቤው ላይ አራት ቁጥር ይላል። ሰው ነው ወይስ አውቶብስ?"

ታቫማኒ ፈገግ አለች። እኔም እንደ ሰው ፈገግ አልኩ።

"እሱን አራት ቁጥር አምጡልኝ፣ ዓይኑን ልየው፣ ያኔ እፈርማለሁ። በረመዳን ምሳ በላ ብሎ የፈረመብኝ ሰው! እናቴ ደብዳቤውን አንብባ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? 'ፆምህን ትፈታለህ እንዴ?' አለችኝ። መመታቴን አይደለም የጠየቀችኝ። ማክቺክ፣ ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ ማስረዳት አልቻልኩም።"

"ማን እንደሆነ እኛም አናውቅም፣ ምስጢር ነው" አለች ታቫማኒ፣ እውነቷን።

ውሃውን ጠጣሁት። በጣም ቀዝቃዛ ነበር።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ

ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። መጋረጃ አወረድኩ፣ ፍሪጅ አጠብኩ፣ የዲንን የድሮ ዩኒፎርም ሳጥን ሳይቀር አወጣሁ። ዲን "የሚመጣ እንግዳ አለ?" አለኝ። የለም። ቁጭ ካልኩ ነው ችግሩ።

እስቲ በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ሌላ ሰው ፋይል እንደማደራጅ።

አንደኛ፣ መሳሳት ወንጀል አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ፋይል አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ሹክሪ ራሱ ቢፈርም ሁሉም ያልቃል፤ እንቢ ያለው እሱ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያን ጊዜ የሳጅኑን ስም አላየሁም። ይህን ጽፌዋለሁ መሰለኝ።

ፋይሉን ከመዝጋቴ አንድ ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 7 እሑድ፣ ታርሚዚ ቀርከሃ ውስጥ የበሰለ የኢድ ሩዝ ይዞልን መጥቶ ነበር። በየዓመቱ ነው የሚያመጣው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም። ከዲን ጋር በረንዳ ላይ ሲያወሩ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ። ማድ ቤት ሆኖ በረንዳ አይሰማም። ይሰማል፣ ግን ያን ጊዜ ሽንኩርት እየጠበስኩ ነበር፣ ዘይቱ ይንጫጫል።

ማሊጋ "አንድ ሰው እንኳን?" ያለችው አይወጣልኝም። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ያ አንድ ሰው በኔ እጅ ተዘግቶ፣ "እንፈልጋለን" አልኳት። ውሸት አልነበረም፣ በዚያ ሰዓት አላስታወስኩም። ግን ፊቷን ትቼ ብዕሬን እያየሁ እንዳልኳት አስታውሳለሁ። ታዲያ ምን ነበር?

ከራሴ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል። መጋረጃዎቹ አልደረቁም፣ ቤቱ ራቁቱን ቀርቷል።

ኦክቶበር 31፣ ሐሙስ

ዲፓቫሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል። ቢሮ ዝግ ነው። ታቫማኒ ቤት ሄድኩ፣ ዲን እግሬን አመመኝ ብሎ ቀረ። ጣፋጭ በቆርቆሮ ሞልታ አሸከመችኝ። እናቷ፣ "ልጄ ስለ አንቺ ታወራለች፣ ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት ትላለች" አሉኝ። ቆርቆሮውን አውቶብስ ውስጥ ልረሳው ምንም አልቀረኝም።

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። የጉናላን ሪፖርት ኖቬምበር 22 ኩዋላ ላምፑር ዋናው መሥሪያ ቤት መግባት አለበት።

ታቫማኒ የሹክሪን አቤቱታ ልታስገባ ፈለገች። ዳቶ፣ "የተዘጋ አቤቱታ አቤቱታ አይደለም፤ አመልካቹ እንደገና አልፈርምም ካለ የለም ማለት ነው" አሉ።

"እንግዲህ 'ከዚህ በፊት የቀረበ አቤቱታ የለም' ብዬ ልጻፍ? እያወቅኩ?"

"ደንቡን ጻፊ።"

"ያኔ ታርሚዚ ደብዳቤ ተቀብሎ ቁልፉን ይዞ ይቀጥላላ! ዳቶ፣ አራት ቁጥርን ይጠይቁልን። አንድ ወረቀት ነው እኮ፣ 'ተሳስቻለሁ' ብሎ ይፈርም!"

ዳቶ መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጠረጉ። ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸው ከማየት ይብሳል።

"መርማሪን ማስገደድ አልችልም" አሉ። "በፈቃዱ ብቻ ነው።"

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆየሁ።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ፓሲር ላዳ ለጉብኝት ሄድን። እንዳለ ልጻፈው።

ታርሚዚ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ወፍሯል። "ካክ ሳል! ግፊቱ እንዴት ነው? ጨው ቀንሺ አላልኩሽም?" እያለ ወንበር ሳበልኝ። የወተት ሻይ አስመጣ። ከውስጥ ሰው ያስላል፣ ደረቅ ሳል፣ አያቆምም።

የተረኛው መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር። የዛሬ ቀን። ስድስት ተኩል፣ ሩዝና ዓሣ፣ በጥሩ ፍላጎት በላ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱን አየሁ፤ ገና አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ታቫማኒም አየችው፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።

"ሥራ ስለሚበዛብን አስቀድመን እንሞላዋለን" አለ ታርሚዚ፣ ሳያፍር። "ዞሮ ዞሮ ይበላ የለ እንዴ!"

ታቫማኒ ክፍሎቹን ልታይ ስትገባ እኔ ሻዩ ጋ ቀረሁ። ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፣ "ካክ፣ ላለፈው ነገር አላህ ይስጥሽ። ውለታሽን አልረሳም" አለኝ።

"ምን አደረግሁልህ?"

"አንቺ ታውቂያለሽ" አለና ሻዬን ሞላልኝ።

ቁጥሬን የሚያውቁት ዳቶ ብቻ ናቸው ብዬ ነበር።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ዲንን ቁርስ ላይ ጠየቅኩት። ቀጥታ።

"ቁጥሬን ለታርሚዚ ነግረኸዋል?"

"ምን ቁጥር? ቁጥር የሚባል አላውቅም።"

"ታዲያ በምን አወቀ?"

ቂጣውን አስቀመጠ። ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ አዘነብኝ፣ ያ ባሰኝ።

"ሳል፣ እኔ ምንም አልጠየቅኩሽም። አንድም ቀን። በኢድ ሰሞን ከቢሮ መጥተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ 'ያ የታርሚዚ ነገር አለቀ፣ በሰላም ኢዱን ያክብር' ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ያልሽውን ነው የነገርኩት።"

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ቤት አልገባም እኔ።

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

ጻፍኩ። በስሜ። "እኔ ሳልቢያ ቢንቲ ዘይኑዲን፣ መርማሪ ቁ. 04፣ የሹክሪን አቤቱታ ኤፕሪል 8 ቀን ስዘጋ በሥራ ብዛትና በችኮላ የመዝገቡን ሐሰተኝነት ሳላስተውል ቀርቻለሁ፤ ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት እጠይቃለሁ።"

ለዳቶ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። "ጥሩ። ጥሩ ነው። ችኮላ በማንም ይደርሳል። ተግሣጽ ብጤ ይሆናል፣ ጡረታሽን አይነካም" አሉኝ። ሻይ ጋበዙኝ።

ለታቫማኒም ነገርኳት። ጠረጴዛዬ ላይ አልተቀመጠችም፣ ቆማ ሰማችኝ። "አንቺ ነሽ?" አለች። "ጎማ ቤቱም ስንሄድ?" አዎ። "እናቴ ፊትም?" አዎ። ወጣች። በኋላ ተመልሳ የሪፖርቱን ሁለተኛ ገጽ እንዳርመው አስቀመጠችልኝ፣ ካክም አላለችኝም።

እንዲያው ይቀልለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ግፊቴ 168።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

የሹክሪ ፊርማ አሁን አያስፈልግም። ቢሆንም አራት ቁጥርን አምጡልኝ ብሏልና ከሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ሄድኩ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሁለት ሰዎች ጎማ እያስቀየሩ ቆመዋል፣ አንዲት ሴት ሞተሯ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ትጠብቃለች። ሹክሪ ቁጢጥ ብሎ ብሎን ይፈታል። አጠገቡ አንዲት ዱካ ነበረች፣ ተቀመጥኩባትና እንዳልፈራ ብዬ ሳላቋርጥ አወራሁት። አራት ቁጥር እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ ብዙ ፋይል ነበረብኝ፣ ፆም ላይ ነበርኩ፣ የምሳውን ነገር ሳላስተውለው ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። በደንብ ነው ያልኩት። መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር።

ብሎኑን ፈትቶ ጨረሰ። ቀና ሲል አየኝና ደነገጠ።

"ማክቺክ! መቼ መጡ? ያወሩኝ ነበር እንዴ? በዚህ በኩል እኮ አልሰማም። ሐኪሙ ሞቷል ብሎኛል። ወደዚህ ይዙሩና እንደገና ይበሉኝ።"

ዱካዋን አንሥቼ ዞርኩ። ፋይሉን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ግራ ጆሮ ይላል፣ እኔ ደግሞ ሄጄ በግራው ተቀመጥኩ።

እንደገና ልጀምር ስል ያ የተለማመድኩት ነገር አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላው ነው።

"አራት ቁጥር እኔ ነኝ" አልኩት። "የሳጅኑን ስም አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ባሌ በሥራ ያሳደገው ሰው ነው፣ ከመዝጋቴ አንድ ቀን በፊት ቤቴ መጥቶ ነበር፣ በረንዳው ላይ ስላንተ አቤቱታ ያወሩትንም ሰምቻለሁ። ከዚያ ያንተን አራት ገጽ አላነበብኩትም። ምክንያት ነው የፈለግኩት፣ ምሳው ምክንያት ሆነኝ።"

ዝናቡ ስለሚጮህ እየጮህኩ ነበር የምናገረው። ጎማ የሚያስቀይሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ። ሞተሩ ላይ ያለችው ሴት "ያ ረቢ" አለች።

ሹክሪ ብሎኖቹን አንድ በአንድ የጎማው ክዳን ውስጥ አጠራቀመ። ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ "ይህን ወረቀት ላይ ጽፈውታል?" አለኝ።

"ምሳውን ጽፌዋለሁ።"

"የሳጅኑን ስም ማየትዎንስ?"

"አልጻፍኩትም።"

"እንግዲያው ሄደው ይጻፉት። ለእናቴ የማሳያት እሱን ነው" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ሁለተኛ ወረቀት ጽፌ ለዳቶ አነበብኩላቸው። ስሙን ማየቴ፣ በረንዳው ላይ የሰማሁት፣ ለዲን ያልኩት። ዳቶ፣ "ይህን ካስገባሽ ስህተት መሆኑ ቀረ፣ ሳልቢያ፤ ጡረታሽ ላይ ዋስትና መስጠት አልችልም፣ የራስሽም ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሊደርስ ይችላል" አሉኝ። የመጀመሪያውን ብቻ እንልከው ብለው ሁለተኛውን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠኋቸውም። ታቫማኒ ተቀብላኝ ሁለቱንም ከሪፖርቱ ጋር ሰፋቻቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ተላከ።

ዲን ያውቃል። ምሳ ብቻውን በላ።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ታርሚዚ ዛሬ ጠዋት ቁልፍ አስረከበ። ከእስረኛ ርቆ መጋዘን ተመድቧል፣ የጉናላንም የሹክሪም ፋይል ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። እቃዬን በካርቶን ስሰበስብ ማሊጋ መጣች፤ ታቫማኒ ጠርታት ኖሯል፣ ውሳኔውን ልትነግራት። እኔ ልንገራት አልኩ።

ነገርኳት። ሁሉንም። አላቋረጠችኝም። ቦርሳዋን እንደዚያ ቀን ታቅፋ ሰማችኝና ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"የዘጋሽው መቼ ነው አልሽኝ?"

"ኤፕሪል 8።"

በጣቶቿ ቆጠረች። ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት፣ እያለች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አምስተኛው ጣቷ ላይ ቆመች።

"ባሌ የገባው በሴፕቴምበር ነው" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ክሊኒኩ በዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃቸዋል። አካ ሳትለኝ ተነሥታ ሄደች።